ልጅን ልኮ ከደጅ መቅረት

ልጆቻችን ከቤተ ክርስቲያን እየራቁ ነው የሚለው ሮሮ ዛሬ ዛሬ በየሰንበቴው፣ በየማኅበሩ፣ በለቅሶ ድንኳን ሥር ሳይቀር ይሰማል። ተከሳሾቹ ብዙ ናቸው። አንዱ ተንቀሳቃሽ ስልኩን ይከስሳል፤ ሌላው ፊልሙን፤ ሦስተኛው ከውጭ የመጣውን ልማድ፤ አራተኛው ደግሞ ሰንበት ትምህርት ቤቱ ሥራውን አልሠራም ይላል። ክሱ ሁሉ መሠረት የለውም ለማለት አልደፍርም። ነገር ግን በዚህ ረጅም የተከሳሾች ዝርዝር ውስጥ የአንድ ሰው ስም ሲጠራ ብዙ ጊዜ አልሰማም። እርሱም ራሱ ከሳሹ ነው፤ ወላጁ።

አሳቤን በአጭሩ ላስቀምጥና ከዚያ ላስረዳ። ልጅ በእምነት የሚያድገው በታዘዘው ነገር ሳይሆን ከወላጆቹ ጋር በኖረው ነገር ነው። ልጅን ወደ ቤተ ክርስቲያን መላክና ከልጅ ጋር ቤተ ክርስቲያን መግባት ሁለት የተለያዩ ነገሮች ናቸው። እኛ በሰሜን ተራሮች ግርጌ ከዳባት እስከ ደባርቅ የምንኖር ሰዎች መላኩን አጥብቀን ይዘን መግባቱን እየተውነው መጥተናል።

እሑድ ማለዳ በደጋው ብርድ ወደ ቤተ ክርስቲያን የሚጎርፈውን ሕዝብ ልብ ብሎ የተመለከተ ይህን ያያል። እናት ሕፃኗን አዝላ፣ ከፍ ያለውን ልጇን በእጇ ይዛ ከቅጽሩ ትገባለች፤ ጫማዋን አውልቃ በሴቶቹ በር ታልፋለች። አያት ምርኩዛቸውን ተደግፈው ይከተላሉ። ጎልማሳው አባት ግን ከደጀ ሰላሙ ይሳለምና ጋቢውን ሰብሰብ አድርጎ ከጥዱ ሥር ይቆማል። ቅዳሴው በድምፅ ማጉያው ይደርሰዋል፤ ቢጤዎቹም በዙሪያው አሉ። የቁርባኑ ሰዓት ሲደርስ ሕፃናቱ በእናቶቻቸው እቅፍ ሆነው ይቀርባሉ፤ እናቲቱም ብዙ ጊዜ ልጇን ታስቆርባለች እንጂ ራሷ አትቆርብም። ልጁ ቆርቦ፣ ጸበል ጠጥቶ፣ አፉን በነጠላ ሸፍኖ ሲወጣ አባቱን ከቆመበት ያገኘዋል።

ያ ልጅ በየሳምንቱ አንድ ትምህርት ይማራል፤ ማንም ግን በቃል አላስተማረውም። የትምህርቱ ርእስ «ትልቅ ወንድ የሚቆመው ከዛፉ ሥር ነው» የሚል ነው። ዐሥራ ሦስትና ዐሥራ አራት ዓመት ሲሞላው ትምህርቱን በተግባር ያሳያል። እኛም ያን ጊዜ «ልጁ ምን ነካው?» እንላለን። ምንም አልነካውም። አድጎ ወደ አባቱ ቦታ ሄደ እንጂ።

ነገሩ ይበልጥ የሚያስቆጨው ቤተ ክርስቲያናችን ለሕፃናት የሰጠችውን ቦታ ስናስብ ነው። ወንድ ልጅ በተወለደ በ40 ቀኑ፣ ሴት ልጅ በ80 ቀኗ ትጠመቃለች፤ በሜሮን ይከብራሉ፤ በዚያው ዕለት ቅዱስ ሥጋውንና ክቡር ደሙን ይቀበላሉ። በምዕራቡ የካቶሊክ ቤተ ክርስቲያን ልጁ ክፉና ደጉን እስኪለይ፣ ሰባት ዓመት ገደማ እስኪሆነው ድረስ ይጠበቃል። የእኛ አባቶች ግን ሕፃኑ ገና አፉን ሳይፈታ ከማዕዱ ያቀርቡታል። ከነሐሴ 1 ጀምሮ በሚጾመው በጾመ ፍልሰታ ደግሞ በየደብሩ የሚታየውን የሕፃናት ብዛት የሚያውቅ ያውቀዋል፤ ጾሙ የሕፃናት ጾም እስከ መባል ደርሷል። እንዲህ ያለ አጀማመር ያለው ሕዝብ በመካከል እንዴት ይጎድላል?

በባንክ የምሠራ ሰው ነኝና ምሳሌው ከሥራዬ ይመጣልኛል። ወላጆች ለልጆቻቸው የቁጠባ ደብተር ሲያወጡ አያለሁ። ደብተር ያወጣ ሁሉ ግን አይቆጥብም። አንዳንዱ በመጀመሪያው ቀን ጥቂት ብር ያስገባና ለዓመታት አይመለስም፤ ሒሳቡም የማይንቀሳቀስ ሒሳብ ተብሎ ይለያል። ገንዘቡ አልጠፋም፤ የባለቤቱም ስም አልተሰረዘም፤ ነገር ግን ማንም አይጨምርበትም፣ ማንም አይጠቀምበትም። የብዙዎቻችን ክርስትና በ40 እና በ80 ቀን ተከፍቶ ከልጅነት በኋላ ያልተንቀሳቀሰ ሒሳብ ነው።

የመካከሉ ጉድለት ምክንያቱ ንቀት አይደለም፤ ይህን መመስከር ተገቢ ነው። ከጥዱ ሥር የቆመው አባት ቁርባኑን ቢንቅ ኖሮ ከዚያ ብርድ ምን አቆመው? ምክንያቱ ፍርሃት ነው። «እኔ ምን ንጽሕና አለኝና» ይላል። ሁለተኛው ምክንያት ጋብቻ ነው። በአካባቢያችን የብዙው ሰው ጋብቻ በሰማንያ ወይም በማዘጋጃ ቤት ፊርማ የጸና እንጂ በተክሊል ወይም በቁርባን የተፈጸመ አይደለም። እንዲህ የተጋቡ ባልና ሚስት ከማዕዱ ርቀው ይኖራሉ። ልጆቻቸውን ድረው፣ ፀጉራቸው ሸብቶ፣ «እንግዲህ ከዚህ በኋላ የት እንሄዳለን» ሲሉ አብረው ይቆርባሉ። በሰማንያ ዓመታቸው እጅ ለእጅ ተያይዘው የሚቆርቡ ሽማግሌና አሮጊት ማየት ልብ የሚነካ ነገር ነው። ነገር ግን ልጆቻቸው ያን ጊዜ የሉም፤ ቤት ለቀዋል። ወላጆቻቸው አብረው ሲቆርቡ ማየት በሚገባቸው ዕድሜ አላዩም።

ስለዚህ ልጁ የሚደርስበት ድምዳሜ ግልጽ ነው። ቅዱስ ቁርባን ኃጢአት ላልጀመሩና ኃጢአት ለታከታቸው ብቻ የተዘጋጀ ማዕድ ይመስለዋል። በመካከል ያለው ሙሉ ዕድሜ፣ ማለትም ሰው የሚሠራበት፣ የሚያገባበት፣ የሚወልድበት፣ የሚበድልበትና የሚበደልበት ዘመን ሁሉ ከእግዚአብሔር ጋር ጉዳይ የሌለው ይሆናል። እኔ ከስልኩም ከፊልሙም በላይ የምፈራው ይህን ድምዳሜ ነው።

መድኃኒቱ አዲስ ነገር አይደለም። ንስሐ አለ፤ የነፍስ አባት አለ። በእኛ ሥርዓት እያንዳንዱ ቤት የሚያውቀው ካህን አለው። የነፍስ አባታችን ግን ለብዙዎቻችን በዝክር ቀን ማዕድ የሚባርክልን፣ ስንታመም ጸበል የሚረጨን፣ ስንሞት የሚፈታን ሰው ሆኖ ቀርቷል። በጤናችንና በጉልበታችን ዘመን ልጆቻችንን ሰብስበን በፊቱ አንቀርብም። «አባ፣ ጋብቻችንን በቁርባን እንድናጸና ምን እናድርግ?» ብሎ መጠየቅ አንድ ምሽት የሚበቃው ጉዳይ ነው። ብዙ ሰው ግን ሃያ ዓመት ያሳድረዋል።

እስቲ ደግሞ ወደ ቤት እንግባ። እኛን ራሳችንን ጥቂትም ቢሆን ሃይማኖት ያስተማረን ማን ነበር? አብዛኛው ሰው ወደ ኋላ ተመልሶ ቢያስብ ከሰማው ስብከት ይልቅ ያየውን ነገር ያስታውሳል። በቡሄ ዋዜማ የእናት እጅ ሙልሙሉን ሲያድቦለቡል፤ ለክርስትና ልጅ የተለየው ሙልሙል ለብቻው ሲቀመጥ፤ በጸሎተ ሐሙስ ስንዴውና ባቄላው ለጉልባን ሲነከር፤ በማኅበር ቀን ጽዋው ተሸፍኖ ከቤት ወደ ቤት ሲሻገር፣ ካህኑ ዳቦውን ባርኮ ሲቆርስ ለሕፃናቱ ቁራሽ ሲደርስ። ያገራችን ልጅ ምጽዋትን የተማረው ከመጽሐፍ አይደለም። የቆሎ ተማሪው በራፉ ላይ ቆሞ በእመቤታችን ስም ሲለምን እናት ቁራሹን ለራሷ ትታ በልጇ እጅ ትልከው ነበር። ያ ትንሽ እጅ የሰጠውን እንጀራ አይረሳም።

በዚህ ሁሉ ውስጥ ማንም «አሁን ሃይማኖት ላስተምርህ ነው» አላለም። ቤቱ ራሱ ይጾማል፤ ቤቱ ራሱ ያከብራል። ዮሐንስ አፈወርቅ የኤፌሶንን መልእክት ሲተረጉም ቤትን ታናሽ ቤተ ክርስቲያን ሲል የጠራው ለዚህ ነው። ምእመኑ ከጉባኤ የሰማውን ቤቱ ገብቶ ከሚስቱና ከልጆቹ ጋር እንዲደግመውም መክሯል። ይህ ምክር ከዐሥራ ስድስት መቶ ዓመት በላይ ሆኖታል፤ ለደባርቅ ግን ዛሬም አዲስ ነው። ከቅዳሴ ወጥተን በመንገድ ላይ ስለ ገበያና ስለ ኑሮ ውድነት እንነጋገራለን። ልጁ «አባዬ፣ ዛሬ የተነበበው ምን ነበር?» ቢለን ምን እንመልስ ይሆን?

እዚህ ላይ የሰንበት ትምህርት ቤቱ ጉዳይ ይነሣል። ሰንበት ትምህርት ቤት ታላቅ ሥራ ሠርቷል፤ የቄስ ትምህርት ቤቱ ደጅ እየጠበበ በሄደበት ዘመን በከተማ ያደገውን ልጅ በቤተ ክርስቲያን ያቆየው እርሱ ነው። በ1965 ዓ.ም. የወጣው ቃለ ዓዋዲ ሰበካ ጉባኤን ሲያቋቁም ካህናትን፣ ምእመናንንና የሰንበት ትምህርት ቤት ወጣቶችን በአንድ ጉባኤ ማስቀመጡም አስተዋይነት ነበር። በተግባር ግን ሦስቱ በሦስት መንገድ ይሄዳሉ። አባት በሰበካ ጉባኤው ስለ ሕንፃው ግንባታ ይሟገታል፤ ልጅ በአዳራሹ መዝሙር ያጠናል፤ እናት በሰንበቴው ጠላና ዳቦ ታቀርባለች። ሦስቱም በአንድ ቅጽር ውስጥ ውለው ማታ ቤት ሲገናኙ አንዱ የሌላውን ውሎ አያውቀውም። ወላጅ «ሰንበት ትምህርት ቤት አስመዝግቤዋለሁ» ሲል ዕዳውን የከፈለ ይመስለዋል። ሰንበት ትምህርት ቤት በሳምንት ጥቂት ሰዓት አለው፤ የቀረው ሰዓት ሁሉ የቤት ነው።

ሥነ ጽሑፍ ወዳዶች ይህን ከማንም በላይ ያውቃሉ። በ1958 ዓ.ም. የታተመው የሐዲስ ዓለማየሁ ፍቅር እስከ መቃብር ውስጥ ያለውን በዛብህን እናስታውስ። ወላጆቹ ቦጋለ መብራቱና ውድነሽ በጣሙ ለቤተ ክርስቲያን በስለት ሰጡት። ክፉ ወላጆች አልነበሩም፤ የሚወዱትን ልጅ ነበር የሰጡት። ነገር ግን ስለቱ የእነርሱ ነው፤ ሸክሙ የእርሱ። ልጁ አድጎ የቅኔ መምህር ሆነ፤ ልቡ ሰብለ ወንጌልን በወደደ ጊዜ ግን ሌሎች በቃላቸው ያሰሩለትን ሕይወት ተሸክሞ ተጨነቀ። መጽሐፉን ስለ ፍቅርና ስለ ባላባት ሥርዓት የተጻፈ ነው ብለን እናነባለን፤ ልክ ነው። እኔ ግን ልጅን ለእግዚአብሔር መስጠትና ከልጅ ጋር በእግዚአብሔር ፊት መቆም ምን ያህል እንደሚለያዩ የሚናገር መጽሐፍ አድርጌም አነበዋለሁ።

ሌላው ምሳሌ ከእኛው ተራራ ነው። ማኅሌታይ ቅዱስ ያሬድ በስድስተኛው መቶ ዓመት አክሱም ተወልዶ፣ ድጓውንና ሌሎቹን የዜማ መጻሕፍት ደርሶ፣ በመጨረሻ ወደ ሰሜን ተራሮች መጥቶ በዚያው እንደ ተሰወረ ትውፊታችን ይናገራል። በዚህም እንኮራለን፤ ግንቦት 11 ሲደርስ ስሙን እንጠራለን። ስለ ልጅነቱ የሚነገረውን ግን ግማሹን ብቻ ነው የምንተርከው። አባቱ ሞቶ እናቱ ለዘመዱ ለመምህር ጌዴዎን ሰጠችው። ትምህርቱ አልገባው ሲል ጌዴዎን ገረፈው፤ ልጁም ሸሸ። ከዛፍ ሥር ተቀምጦ አንዲት ትል ግንዱን ለመውጣት ደጋግማ ስትወድቅ፣ በሰባተኛው ተሳክቶላት ስትወጣ አየ። ከዚያ በኋላ ወደ መምህሩ ተመለሰ። እኛ ታሪኩን ለልጆቻችን የምንነግረው «በርታ፣ አጥና» ለማለት ነው። ከታሪኩ የሚወጣው ሁለተኛ ቁም ነገር ግን ለወላጆች ነው። አለንጋው ልጁን አባረረው፤ የመለሰው ደግሞ አለንጋ አልነበረም። ልጁ በዓይኑ ያየው ትዕግሥት ነው። ጌዴዎንም ሲመለስ አልገፋውም፤ ተቀበለው። ልጆቻችን ሲሸሹ የሚመለሱበት ቤት፣ ሲመለሱም የሚቀበላቸው ሰው አለ ወይ? ጥያቄው ይህ ነው።

ታሪክ አልጎደለንም። ከሊማሊሞ በታች የዋልድባ ገዳም አለ፤ ከተራራው ማዶ በጃናሞራ ደጃዝማች ውቤ ያሠሯት፣ ዐፄ ቴዎድሮስ በ1847 ዓ.ም. የነገሡባት ደረስጌ ማርያም አለች። ነገር ግን ታሪክ ብቻውን ልጅ አያሳድግም። ነገሥታት ካነጹት ደብር ይልቅ ለአንድ ልጅ እምነት የሚቀርበው አባቱ ከመኝታው በፊት ቆሞ የሚያደርሰው አባታችን ሆይ ነው።

«ልጅ ሲያድግ ራሱ ይምረጥ፤ በልጅነቱ አትጫኑት» የሚሉ ወገኖች አሉ። ከእነርሱ መካከል የማከብራቸው ወዳጆች ስላሉኝ ክርክራቸውን አላቃልልም። ማስገደድን መጥላታቸው ትክክል ነው፤ ከላይ ያነሣኋቸው በዛብህም ያሬድም ምስክሮቻቸው ሊሆኑ ይችላሉ። ይሁንና ልጅ ምንም ሳይሰጠው አድጎ የሚመርጥበት ባዶ ቤት በዓለም ላይ የለም። እኛ ባንሰጠው ገበያው ይሰጠዋል፤ መንገዱ ይሰጠዋል። ግጥም የምንወድ ሰዎች ደግሞ አንድ ተጨማሪ ነገር እናውቃለን። ሰምና ወርቁን፣ ዜማውን፣ የጾሙንና የበዓሉን ስም ሳይሰማ ያደገ ልጅ የገዛ ቋንቋውን ግማሽ ሳያውቅ ያድጋል። አማርኛችን ሲባርክም ሲረግምም፣ ሲያለቅስም ሲቀልድም የቤተ ክርስቲያን ጣዕም አለበት። ልጁ በኋላ የሚወስነውን እርሱ ያውቃል፤ የሚወስንበትን ነገር መስጠት ግን የእኛ ነው።

ከዚህ የሚከብድ ሌላ ጥያቄ አለ። ቤተሰብ ማዕከል ይሁን ስንል ቤተሰብ የሌለውስ ልጅ? ይህ በእኛ አካባቢ የመጽሐፍ ጥያቄ አይደለም። በነሐሴ 2013 ዓ.ም. ጦርነቱ እስከ ዳባት ወረዳ ጭና ድረስ ደርሶ ብዙ ሰላማውያን ሰዎች ተገድለዋል፤ ከአዲ አርቃይና ከዛሪማ አካባቢ የተፈናቀለውም ሕዝብ ደባርቅ ላይ ተጠልሏል። ከ2015 ዓ.ም. ማብቂያ ጀምሮ በክልሉ በተነሣው ግጭት ደግሞ በርካታ ትምህርት ቤቶች ደጃቸውን ዘግተው ከርመዋል። አባቱን ያጣውን ልጅ «አባትህ ይዞህ ይግባ» ማለት ግፍ ነው።

አባቶቻችን ግን ይህን አስቀድመው አስበውበታል። ለወንዱ የክርስትና አባት፣ ለሴቷ የክርስትና እናት የቆመው ለዚህ ነበር። በጥምቀቱ ዕለት ሕፃኑን ታቅፎ፣ ወደ ምዕራብ ዞሮ ስለ እርሱ ሰይጣንን የካደ፣ ወደ ምሥራቅ ዞሮ ስለ እርሱ እምነቱን የመሰከረ ሰው ከዚያ ቀን ጀምሮ ወላጅ ነው። እኛ ይህን አደራ ምን አደረግነው? የክርስትና አባት ስንመርጥ ሀብቱን እናያለን፤ ሥልጣኑን እናያለን፤ ለልጁ ልብስ ይገዛል ወይ ብለን እናሰላለን። ልጁ በሞት ቢፈተን፣ አባት ቢያጣ፣ እጁን ይዞ ወደ መቅደስ የሚያስገባው ይህ ሰው ነው ወይ ብለን አንጠይቅም። ዛሬ በየቀበሌው አባት የሌላቸው ልጆች አሉ፤ አብዛኞቹ የክርስትና አባትና እናት ግን አላቸው። ያ ሰው በዚህ ሳምንት ሄዶ በራቸውን ቢያንኳኳ ከብዙ ስብከት ይበልጣል።

ብቻቸውን ለሚያሳድጉ እናቶችም አንድ ቃል አለኝ። የጢሞቴዎስ አባት ግሪካዊ ነበር፤ ሐዋርያው የጢሞቴዎስን እምነት ሲያመሰግን ስማቸውን የጠራው አያቱን ሎይድንና እናቱን ኤውንቄን ነው። ሁለት ሴቶች በአንድ ቤት ውስጥ ያኖሩት እምነት ጳጳስ አፍርቷል። ከእናንተ የጎደለ ነገር የለም። ጉድለቱ አጠገባችሁ ቆመን ሸክሙን ለእናንተ ከተውነው ከእኛ ነው።

ታዲያ ምን ይደረግ? የምለው ጥቂትና ቀላል ነው። አባት በቤቱ ውስጥ አንድ ጸሎት፣ አጭርም ቢሆን፣ በየምሽቱ ልጆቹ እየሰሙት ያድርስ። ባልና ሚስት ጋብቻቸውን በቁርባን ለማጽናት እርጅናን አይጠብቁ፤ በዚህ ወር የነፍስ አባታቸውን ያነጋግሩ። አጥቢያዎች ቢያንስ በወር አንድ እሑድ ወላጆችና ልጆች በአንድ አዳራሽ፣ በአንድ አግዳሚ ላይ ተቀምጠው የሚማሩበት ጉባኤ ያዘጋጁ፤ ለዚህ በጀት አያስፈልግም፤ አዳራሹም መምህሩም አለ። የሰንበት ትምህርት ቤት መምህራን ልጁን ሲመዘግቡ ወላጁንም ይመዝግቡ። ልጆችም በቅዳሴ መካከል ቢያለቅሱ፣ ቢንጫጩ፣ አንቆጣቸው። የሕፃን ድምፅ የማይሰማበት ቅዳሴ ጸጥታው ደስ ሊል ይችላል፤ ግን ከሠላሳ ዓመት በኋላ ማን እንደሚቀድስበት አይታወቅም።

ልጆቻችን ከእኛ የሚወርሱት ብዙ ነገር የለም። መሬቱ ጠቧል፤ ቤቱ ኪራይ ነው፤ የቁጠባ ደብተሩም ቀጭን ነው። ከእኛ ሳይሸራረፍ ሊወርሱት የሚችሉት አንድ ነገር እኛ ራሳችን የቆምንበት ቦታ ነው። ከጥዱ ሥር ብንቆም ጥዱን ይወርሳሉ። ፍልሰታ በየዓመቱ ይመጣል፤ ሕፃናቱም እንደ ልማዳቸው ይሰለፋሉ። በዚያ ሰልፍ ውስጥ ከልጁ ኋላ አባት ቢኖር፣ ከሴት ልጇ ኋላ እናት ብትኖር፣ ስለ ልጆቻችን የምናሰማው ሮሮ ግማሹ በዚያው ይቀራል።